ከብራዚል ድራማ ወደ ፖርቹጋልኛ፣ ከዚያም ወደ ብራዚል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድራማ እያየ ቋንቋ የሚለምድ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ይባላል። ይባል። የብራዚል ቴሌኖቬላ ጀምሮ ከወራት በኋላ የአውሮፕላን ቲኬት ማጠያየቅ የሚጀምረው ሰው ግን ቀላል አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ደጋግሞ የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም የድራማዎቹ ሰዓትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ድራማ በማየት ብቻ ፖርቹጋልኛ መቻል ይቻላል?

መስማት፣ አዎ። መናገር፣ አይ። ስድስት ወር በየማታው ያየ ሰው ገጸ ባሕርያቱ ሲጣሉ ማን ማንን እንደሰደበ ያለ ትርጉም ይገባዋል። አንድ ብራዚላዊ ፊት ለፊቱ ቆሞ "ከየት ነህ?" ሲለው ግን ምላሱ ይተሳሰራል። አፍ የሚፈታው በመናገር ብቻ ነው፤ ለዚያ አስተማሪ ወይም የሚያወራ ሰው ያስፈልጋል።

ድራማው የሚበልጠው በሌላ ነው። ሰዋስው ስለጣፈጠው ቋንቋ የሚማር ሰው ጥቂት ነው። ነገ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የጓጓ ሰው ግን ማንም ሳይጎተጉተው ይቀመጣል። ቋንቋ ደግሞ መቀመጥ ይፈልጋል።

ቴሌኖቬላ ከለመድነው የቱርክ ድራማ በምን ይለያል?

ቃና በ2016 ከተከፈተ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። የቱርኩ በአገሩ በሳምንት አንድ ቀን የሚተላለፍ ረጅም ነገር ነው። የብራዚሉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ይሄዳል፤ ስድስት ሰባት ወር ይቆይና ያልቃል። ያልቃል የምለው አውቄ ነው። "ምዕራፍ ሁለት ይጠብቁን" ብሎ ነገር የለም። ከ150 እስከ 200 ክፍል ይሄዳል፣ ክፉው ዋጋውን ያገኛል፣ የሚጋቡት ይጋባሉ፣ ሰኞ ሌላ ድራማ ይጀምራል።

ዋናው ቻናል ግሎቦ ነው፤ በ1965 ሪዮ ውስጥ የተከፈተ። ማታ ማታ ሦስት ድራማ ያሳያል። የስድስት ሰዓቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም የድሮ ዘመን ታሪክ ይበዛበታል። የሰባቱ ቀልድ ይቀናዋል። ከዚያ ከ1969 ጀምሮ ያለው የምሽት ዜና ይገባል። የዘጠኝ ሰዓቱ ደግሞ አገር የሚያወራለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይሄው ነው። ደራሲው ታሪኩን ጽፎ ጨርሶ አይደለም ድራማው የሚጀመረው። እየተላለፈ እየጻፈ ይሄዳል። ሕዝቡ የወደደው ገጸ ባሕርይ ሚናው ይሰፋለታል፤ ያልተወደደው "ውጭ አገር ሄደ" ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ የምትሰሙት ንግግር ትኩስ ነው፤ የዚያ ሰሞን መንገድ ላይ የሚወራው ዓይነት።

የትኛውን ልጀምር?

"አቬኒዳ ብራዚል"ን፣ የ2012ቱን። ታሪኩ ቀጥ ያለ ነው። የእንጀራ እናቷ ቆሻሻ መጣያ ላይ ያስጣለቻት ልጅ ታድግና፣ ስሟን ቀይራ፣ ምግብ አብሳይ ሆና እዚያችው ሴትዮ ቤት ትቀጠራለች። ለበቀል። እንጀራ እናት ምን እንደሆነች ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚኖሩትም በሪዮ ዳርቻ ሠፈር ነው፤ ጩኸት የበዛበት፣ ጎረቤት ሳያንኳኳ የሚገባበት ቤት። ንግግሩ የዘወትር ንግግር ነው። የመጨረሻው ክፍል ጥቅምት 19 ቀን 2012 ሲተላለፍ፣ ድራማው እንዳለቀ አገር ሙሉ አንዴ ተነስቶ ፍሪጅና መብራት ስለሚከፍት፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚያስተባብረው ተቋም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ለ180 ክፍል ጊዜ የለኝም ካላችሁ፣ በኔትፍሊክስ የመጀመሪያው የብራዚል ሥራ የሆነው "3 በመቶ" አለ፤ በ2016 የወጣ፣ አጭርና ንግግሩ ጥርት ያለ። የድሮ ዘመን ድራማ በመጀመሪያ አትንኩ። ቆንጆ ነው፤ ግን እንደዚያ የሚያወራ ሰው ዛሬ የለም።

እንዴት ነው ማየት ያለብኝ?

አንድ ክፍል ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ እዩ የሚል ምክር አለ። እኔ አልመክርም፤ ያሰለቻል፤ የሰለቸው ሰው ደግሞ ይተወዋል። ክፍሉን በሙሉ እንደ ማንኛውም ሰው ተዝናኑበት። ከዚያ ሁለት ደቂቃ የምትሆን አንዲት ትዕይንት መርጣችሁ እሷ ላይ ሥሩ።

የትኛዋን? የቁርሷን። የብራዚል ድራማ ያለ ቁርስ ማዕድ አይሄድም። ረጅም ጠረጴዛ፣ ትናንሽ ዳቦ፣ የተከፈለ ፓፓያ፣ ኬክ፣ ጭማቂ በጆግ፣ ቡና በፔርሙስ። አባት ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። ልጅ ትመጣለች፣ አንዴ ፉት ትላለች፣ ትጣላለች፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣለች። ያን ሁሉ ምግብ ማን እንደሚበላው እስካሁን አልታየም። ለእናንተ ግን ወርቅ ነው፤ በየቀኑ የሚባለው አንድ ዓይነት ነውና። "ቦን ጂያ" እንደምን አደራችሁ። "ዶርሚው ቤይን?" ደህና አደርክ? "አሴይታ ኡን ካፌዚኙ?" ቡና ትላለህ? "ናውን፣ ቶ አትራዛዱ" አይ፣ ረፍዶብኛል። እነዚህን በፊደል ጻፏቸው፣ ተዋናዩን እየተከተላችሁ ጮክ ብላችሁ በሉ፣ በስልክ ቅዱና አዳምጡት። መጀመሪያ ያሳፍራል። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ደግሞ ያስቃል።

የግርጌ ጽሑፉን በተመለከተ፦ እንግሊዝኛውን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ አጥፉት። ዓይን ሲያነብ ጆሮ ይተኛል። ወደ ፖርቹጋልኛው ጽሑፍ አዙሩት፤ ያልገባችሁ ይለፍ፣ ነገም ይደገማል።

ድራማ ብቻ ያየ ሰው "ይህ ልጅ ያንተ አይደለም!" ማለትን "መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?" ከማለት ቀድሞ ይለምዳል። ስለዚህ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ አቅጣጫውን ከዜናና ከአስተማሪ ሙሉት። የዜና አንባቢዎቹ ረጋ ብለው ስለሚያነቡ ለጆሮ ምቹ ናቸው።

አነጋገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ይከብዳል?

ከምታስቡት ይቀላል፤ ፊደላችንም ያግዛል። ሪዮን ነዋሪዎቿ "ሂዩ ጂ ዣኔይሩ" ይሏታል። "ዥ" አለን፣ "ጅ" አለን፣ "ች"ም "ኝ"ም አለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚታገልበት ብዙው ነገር ለእኛ ፊደል ገበታ ላይ ያለ ነው። በጽሑፍ "ቴ" የሆነው ብዙ ቦታ "ቺ"፣ "ዴ" የሆነው "ጂ" ይሆናል። ቃል ሲጀምር ያለ "ረ" ወደ "ሀ" ይሄዳል፤ ገንዘባቸው ሪያል ሲጠራ "ሄያው" ነው። መጨረሻ ላይ ያለ "ል" "ው" ይሆናል፤ አገሪቱም በልጆቿ አፍ "ብራዚው" ናት። ድራማው የሚሠራው በአብዛኛው ሪዮ ስለሆነ "ስ" ወደ "ሽ" ሲያደላም ትሰማላችሁ። ሌላ ከተማ ስትሄዱ ይሄኛው ይቀራል፤ አይደንግጣችሁ።

የሚከብደው በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው። "ናውን" ብዬ ጻፍኩት እንጂ መጨረሻው እውነተኛ "ን" አይደለም፤ ምላስ ላንቃ አይነካም። ዳቦ "ፓውን" ነው። አፍንጫውን ከረሳችሁት "ፓው" ይሆናል፤ እሱ ደግሞ እንጨት ማለት ነው፣ ሲከፋ ደግሞ ስድ ቃል። ዳቦ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ተለማመዱት።

አንቱታ አላቸው?

አላቸው፤ እንደ እኛ ግን አልተወሳሰበም። "ቮሴ" ለአንተም ለአንቺም ያገለግላል፤ በንግግር ላይ "ሴ" ብቻ ይቀራል። ግሱም ለወንድና ለሴት አይለይም። ለትልቅ ሰው "ኡ ሴኞር"፣ ለእናት "አ ሴኞራ" ይባላል። በስም ላይ ደግሞ ለወንድ "ሴው"፣ ለሴት "ዶና" ይጨመራል፤ እንደ ጋሼና እትዬ፣ ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄደው።

ድራማ ይሄን ከመጽሐፍ በተሻለ ያስተምራል። "አቬኒዳ ብራዚል" ላይ አብሳይዋ ኒና ያቺን የምትጠላትን ሴትዮ ለብዙ ክፍሎች በአክብሮት ታገለግላታለች። ከዚያ ነገሩ ይገለበጥና ኒና ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ እመቤቲቱን ምግብ አቅርቢልኝ ትላታለች። አክብሮቱ ከአፏ ድንገት ሲጠፋ ስትሰሙ፣ ደንቡን ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።

የእግዚአብሔርን ስም በየመሃሉ ማስገባቱም እንግዳ አይሆንባችሁም። "ግራሳዝ አ ዴውስ" እግዚአብሔር ይመስገን። "ሲ ዴውስ ኪዜር" እግዚአብሔር ካለ። "ፔሉ አሞር ጂ ዴውስ" ስለ እግዚአብሔር! ይሄ የመጨረሻው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚባል አትጠይቁኝ።

የብራዚሉን ብለምድ ፖርቹጋል ወይም አንጎላ ይገቡኛል?

እነሱ እናንተን ይረዷችኋል፤ እናንተ እነሱን ለመስማት ትንሽ ትቸገራላችሁ። የሊዝበን ሰው አናባቢውን ይውጠዋል። ጆሯቸው ግን የብራዚሉን ለምዷል፤ ፖርቹጋል የመጀመሪያውን የብራዚል ቴሌኖቬላ "ጋብሪዬላ"ን በ1977 አይታ አገሩ በሙሉ ወደዳት። በአንጎላ ዋና ከተማ በሉዋንዳ ደግሞ ከአፍሪካ ግዙፍ የገበያ ቦታዎች አንዱ የነበረው ገበያ እስኪነሳ ድረስ "ሮኪ ሳንቴይሩ" ይባል ነበር፤ በ1985 ከተሠራ የብራዚል ድራማ የተወሰደ ስም ነው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። ፖርቹጋልኛ ከአፍሪካ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የኬፕ ቨርዴ፣ የጊኒ ቢሳውና የሳኦ ቶሜ ሰዎች ለስብሰባ የሚመጡት እኛው ከተማ ነው። የሚናገረው ሐበሻ ደግሞ ብዙ አይደለም።

ድራማ እውነት የሰው ሕይወት ይቀይራል? ወይስ ማጋነን ነው?

በ2012 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት የግሎቦ ሥርጭት የደረሰባቸውን አካባቢዎች ካልደረሰባቸው አነጻጽሮ፣ ሥርጭቱ የደረሳቸው ሴቶች የሚወልዱት ልጅ ቁጥር ቀንሶ አግኝቷል። በድራማው ላይ ያለው ቤተሰብ አነስ ያለ ነበርና። ኩባ ውስጥ ደግሞ ሰዎች ቤታቸው የሚከፍቱት ምግብ ቤት "ፓላዳር" የሚባለው በ1988ቱ "ቫሊ ቱዱ" ላይ ጀግናዋ ከከፈተችው የምግብ ድርጅት ስም ተወስዶ ነው። ቲኬት መቁረጥ ከዚህ አይበልጥም።

ድራማው ላይ ያለው ብራዚል እውነተኛው ነው?

ግማሹ። ብዙዎቹ ጎዳናዎች በ1995 በተከፈተው የግሎቦ ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ፣ በምዕራብ ሪዮ፣ የተገነቡ የውሸት ጎዳናዎች ናቸው። የሚከፋው ግን ይሄ አይደለም። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ 45 ከመቶው ራሱን ቅይጥ፣ 10 ከመቶው ጥቁር ብሏል። ቴሌቪዥኑን ለዓመታት ያየ ሰው ግን ይሄን አይገምትም። የዘጠኝ ሰዓቱ ድራማ ጥቁር መሪ ተዋናይት ያገኘው በ2009 ነው፤ ታይስ አራውዡ ናት። በ2018 እንኳ ባሂያ ውስጥ የሚካሄድ ድራማ ነጮች ሞልተውበት ትልቅ ወቀሳ ደርሶበታል። ባሂያ ማለት ጥቁሩ ሕዝብ የበዛበት ክፍለ ሀገር ነው። በዋና ከተማው በሳልቫዶር ሐበሻ እንግዳ አይመስልም፤ በፖርቹጋልኛ ነው ቀጥታ የሚያናግሩት። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ከተማ የለም።

ድራማ የተቀረጸበትን ቦታ ሄዶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ጉዞውን በአንድ ድራማ ዙሪያ ማቀድ ነው የሚሻለው። "ብራዚልን ላይ ነው" ያለ ሰው ልብ ይበል፤ አገሩ ከእኛ ሰባት እጥፍ በላይ ይሰፋል። አንድ ቦታ ምረጡ።

"ጋብሪዬላ"ን የወደደ ኢልዬውስ ይሂድ፤ በታሪኩ ውስጥ ያለው የቬዙቪዩ መጠጥ ቤት ዛሬም እንግዳ ያስተናግዳል። የ"ቲዬታ" አሸዋ ክምር ያለው ማንጊ ሴኩ ነው፤ ወንዝ በጀልባ ተሻግሮ የሚገባበት የዓሣ አጥማጆች መንደር። ጃላፓውን የሚባለው አካባቢ ደግሞ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ይፈልጋል፤ ቢገቡበት የማያሰምጥ ምንጭ አለው።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ፓንታናል የሚባለው ሰፊ ረግረግ። በ1990 "ፓንታናል" የሚል ድራማ ማንሼቺ በሚባል ተፎካካሪ ቻናል ወጣ። ሌሎቹ ሳሎን ውስጥ ሲጮሁ ይሄ ካሜራውን ወንዝና ወፍ ላይ አቁሞ ዝም ይላል። ነብር ትመስላለች የምትባል ልጅ አለች፤ ስትቆጣ ኦንሳ፣ ማለትም ጃጓር፣ ትሆናለች ይባላል። እባብ የሚሆን ሽማግሌም አለ። የከተማው ብራዚላዊ ያን ቦታ በድራማው ነው ያወቀው። ግሎቦ በ2022 እንደገና ሠራው፤ ጊታር መሰል ቪዮላ የሚጫወተው ዘፋኝ አልሚር ሳተር በሁለቱም ላይ ተውኗል።

ድራማው የተቀረጸው በደቡቡ በኩል፣ አኪዳዋና አካባቢ ነው፤ መግቢያው ካምፑ ግራንጂ ከተማ ነው። የከብት እርባታዎቹ እንግዳ ያሳድራሉ። እዚያ ቴሬሬ ይጠጣል፤ የማቴ ቅጠል በበሬ ቀንድ ዋንጫ ተሞልቶ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበታል፣ በአንድ የብረት መምጠጫ ሁሉም በተራ ይጠጣል። ተራውን የሚቆጣጠር አንድ ሰው አለ፤ አትዝለሉ። ከብት ጠባቂዎቹ ረጋ ብለው ስለሚያወሩ ከሪዮ ሰው ይልቅ ይሰማሉ። ጃጓር ማየት ዋናው ፍላጎታችሁ ከሆነ ግን ሰሜኑ ይሻላል፤ ከፖኮኔ ተነስቶ በእንጨት ድልድዮች ላይ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የአቧራ መንገድ ፖርቱ ዦፍሪ ያደርሳል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ውኃው ስለሚሸሽ እንስሳቱ ወንዝ ዳር ይሰበሰባሉ። በ2020 የረግረጉ ሩብ ያህል በእሳት ተቃጥሏል፤ የድርቁን ወራት ዜና እያያችሁ ሂዱ።

ከኢትዮጵያ እንዴት ይኬዳል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2013 ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ ይበራል፤ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ሪዮ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት፣ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ያህል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ኤምባሲው አዲስ አበባ አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ከብራዚል ስትመለሱም ይጠየቃል። ክፍያ ሁሉ ከ2020 ወዲህ "ፒክስ" በሚባል የስልክ ዘዴ ሆኗል፤ እንግዳ ግን ካርድ ይጠቀማል። ሪዮና ሳኦ ፓውሎ መንገድ ላይ ስልክ አውጥቶ መቆም የለም፤ ቦሌ የተማራችሁትን እዚያም ተጠቀሙበት።

ፆመኛ ነኝ፤ የአሳማ ሥጋም አልበላም። ምን ልበላ ነው?

ሩዝና ቦሎቄ፣ በየቀኑ፣ በየቤቱ። ታዋቂው ፌይዡዋዳ ግን የአሳማ ሥጋ ያለበት ነው፤ ተጠንቀቁ። "ቴይን ካርኒ?" ብቻ ብላችሁ አትመኑ፤ ለብዙ ብራዚላዊ "ካርኒ" የበሬ ሥጋ ነው፤ አሳማውን ለይታችሁ "ቴይን ፖርኩ?" በሉ። በኪሎ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ራሳችሁ አንስታችሁ ታስመዝናላችሁ፤ ለፆመኛ ምቹ ናቸው።

አሜሪካ ነው የምኖረው። መለማመጃ ሰው የት አገኛለሁ?

ቦስተን አጠገብ ፍራሚንግሃም፣ ኒው ጀርሲ ላይ የኒዋርክ አይረንባውንድ ሠፈር። ዳቦ ቤት ግቡ፣ የአይብ ዳቦና ቡና እዘዙ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ተመልከቱ። የግሎቦ የኢንተርኔት አገልግሎት ግሎቦፕሌይም ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ይሠራል።

አዲስ አበባ ሆኜ የዘጠኝ ሰዓቱን ድራማ በሰዓቱ ብከታተልስ?

ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ቁጥሩ እኩል ይመጣል። የዘጠኝ ሰዓቱ ድራማ እኛም ጋ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ችግሩ ከሌሊቱ መሆኑ ነው።

የምስክር ወረቀት ይሰጠኛል?

የብራዚል መንግሥት የሚቀበለው ፈተና "ሴልፒ ብራስ" ይባላል። የሰዋስው ምርጫ ጥያቄ የለውም፤ ቪዲዮ አይተህ፣ ድምፅ ሰምተህ ደብዳቤ ወይም መልእክት ትጽፋለህ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ታወራለህ። ድራማ ላየ ሰው የመጀመሪያው ክፍል አይከብደውም።

ከልጆች ጋር ማየት ይቻላል?

የስድስት ሰዓቱን ይቻላል። የዘጠኙ መሳሳምም መገዳደልም አለው። ሲጀምር የስክሪኑ ጥግ ላይ 10፣ 12፣ 14 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ዕድሜ ነው። እሱን አይታችሁ ወስኑ።